የጠመኔው ሳጥንና የፈንታው ልብ

ፈንታው አስናቀን የማያውቅ ሰው ካለ፣ በሬ ጠፍቶበት የማያውቅ፣ ድንበር ተገፍቶበት የማያውቅ፣ ከጎረቤቱም ተቀያይሞ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በእኛ ደጋ የለም። ከጋይንት ከተማ ከንፋስ መውጫ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬደው ቀበሌያችን አንድ ነገር በጠፋ ቁጥር አውጫጭኝ ይጠራል። ሰው ሁሉ ከትልቁ ኮሶ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል፤ ፈንታውም ከድንጋዩ ላይ ተቀምጦ፣ በትሩን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ፣ «ያየህ አውጣ፤ የሰማህ አውጣ» ይላል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

በአውጫጭኝ ወግ፣ ፊት ለፊት መናገር የፈራ ሰው ለሽማግሌ በጆሮው ሹክ ይላል። ሽማግሌውም የነገረውን ሰው ስም ሳያወጣ «ወፍ ነገረኝ» ብሎ ነገሩን ለጉባኤ ያቀርባል። ፈንታው ግን ወፍ አይወድም ነበር። «ወፍ ተናግራ የምትበርረው ክንፍ ስላላት ነው። እግር ያለው ሰው ቆሞ ይናገር» ይል ነበር። አንድ ጊዜ የአንዲት ባልቴት በግ ጠፍቶ፣ ጎረቤቷ አላየሁም አልሰማሁም ብሎ ሲምል፣ ፈንታው ካዳመጠው በኋላ፣ «በጾሙ ውሻህ ለምን ወፈረ ታዲያ?» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሰውየውም ሳይወድ ሳቀና በጉን አመነ። በሦስተኛው ቀን ባልቴቷ የራሷን በግ የሚያክል በግ ተቀበለች።

እኔ የምጽፈው ግን ፈንታው ራሱ ሳያወጣው ስለ ቆየው ነገር ነው። ሳያወጣው እንዲቆይ የረዳሁትም እኔ ነኝ።

ወደዚያ ቀበሌ የሄድሁት በ1979 ዓ.ም. ነው፤ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ለማስተማር። ትምህርት ቤቱ ሁለት ክፍል፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ አንድ የተሰነጠቀ የዓለም ካርታ ነበረው። ፈንታው በ1983 ክረምት ከሰሜን ግንባር ሠራዊቱ ሲበተን በእግሩ መጣ። እግሩ አብጦ፣ የወታደር ካፖርቱ በጭቃ ተለውሶ፣ በአፉ ሲጋራ ይዞ። ያን ቀን ያዩት ሴቶች ያማተቡት ለእግሩ እብጠት ሳይሆን ለሲጋራው ነበር። በእኛ አገር ትምባሆ የሚያጨስ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ቢቆምም እንደ ቆመ አይቆጠርም። ከሱ ጋር በአንድ መሶብ የሚበላም አይገኝም።

ሁለት ክረምት አርሶ፣ ጎጆ ቀልሶ፣ ዓለሚቱን ጠየቀ። ዓለሚቱ የቄስ ልጅ ናት። አባቷ ሞተው ስለ ነበር ነገሩ የደረሰው ለነፍስ አባቷ ለአባ ወልደ ገብርኤል ነው። አባ ፈንታውን ከደጀ ሰላሙ አቁመው፣

«ልጅቱን ነው የምትሻው ጭሱን?» አሉት።

«ልጅቱን ነው፣ አባቴ።»

«ሁለቱን አንድ ላይ አላጋባህም።»

አላጨስም ብሎ ማለ። እሳቸውም በግዝት አሰሩት። በ1985 ዓ.ም. ጥር ተጋቡ፤ እኔም ሚዜ ሆንሁ።

ሰባት ወር ጠበቀ። ይህን የምመሰክርለት ሌላ ሰው የለምና እመሰክርለታለሁ፤ ሰባት ወር ሙሉ ጠበቀ። ከዚያ አንድ ቀን በክረምቱ ዕረፍት ወደ ባዶው ክፍሌ መጥቶ፣ ከተማሪ አግዳሚ ላይ እንደ ልጅ ተቀመጠ።

«መምህር፣ ሞቻለሁ» አለኝ።

«ምን ሆንህ?»

«እርፉን ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። በሬዎቹ ሳይቀሩ ይታዘቡኛል። አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማ ትወጣለህ። መምህርን ማን ይጠይቃል?»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ያን ጊዜ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ብዙ ነበር፤ ወዳጄ ነው፣ ወታደር ነበር፣ ያየውን እኔ አላየሁም። ዛሬ ሳስበው ግን የወደድሁት ሌላ ነገር ነው። ሁሉ የሚፈራውና ሁሉ የሚያምነው ሰው የእኔን እጅ መፈለጉ ደስ አሰኝቶኝ ነበር።

ሲጋራውን የማመጣለት በጠመኔ ሳጥን ነበር። ጠመኔና ሲጋራ ቁመታቸውም ንጣታቸውም ይቀራረባል፤ ሳጥኑ ቢከፈት እንኳ ከሩቅ ያየ አይለይም። ፈንታው ሳጥኑን ተቀብሎ ከአውድማው በታች ካለው ባሕር ዛፍ ውስጥ ይገባል። በቀን ሦስት፤ ከዚያ አይጨምርም፣ ከዚያም አይቀንስም። ሲጨርስ ጤና አዳም እያኘከ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለሆዴ ነው ይላል። ዓለሚቱም ቃሉን አምና በአጥሩ ሥር ጤና አዳም ተከለችለት፤ በበጋ ከምንጭ ቀድታ ታጠጣዋለች። ሰው ሁሉ ፈንታውን በጤና አዳም ሽታ ያውቀው ነበር። ከተማ ያለው ባለ ሱቅ ደግሞ እኔን አጫሽ አድርጎ ያውቀኝ ነበር። ያን ግን እንደ መሥዋዕት ቆጠርሁትና ኮራሁበት።

ሃያ ዓመት እንዲህ አለፈ። ሴት ልጃቸው መቅደስ በዚያው ትምህርት ቤት ከእኔ ተምራ፣ ከፍ ብላም መምህርት ሆና ስማዳ ወገዳ ተመደበች።

በ2005 ዓ.ም. ጥር፣ ገብስ ሲያበራይ ሳለ፣ ፈንታው መንሹን ጥሎ አውድማው ላይ ተቀመጠ። «ደረቴ ላይ በሬ የተኛ ይመስለኛል» አለ። ባሕር ዳር ወሰድነው፤ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ላኩን። ልቡን ራሱን የሚመግበው የደም ሥር ጠብቦ ተገኘ። በእጁ አንጓ ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ ከጠበበው ቦታ ላይ እንደ ወንፊት የተሠራች ትንሽ የሽቦ ቧንቧ አኖሩለት። ፈንታው ከሕክምናው ክፍል በወጣ በማግሥቱ «ወንፊቷ ገብታልኛለች፤ እንግዲህ የምትነፋው እሷ ናት» እያለ ከጎኑ የተኙትን ሕሙማን ያስቅ ነበር።

እዚያ ነው ከዶክተር ርብቃ ጋር የተዋወቅነው። አያቷ የጎረቤታችን የእስቴ ሰው ናቸው፤ ይህን ስትነግረን ዓለሚቱ ተነሥታ ጉንጯን ሳመቻት። ርብቃ ወንፊት የገባላቸውን ሰዎች እየተከታተለች ታጠና ነበር። የአንዳንዱ ደም ሥር ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ የአንዳንዱ ግን በወራት ውስጥ ተመልሶ ይጠብባል። ለምን?

«የደም ሥራችን ግድግዳ ራሱ የሚሠራው ጋዝ አለ» አለችን። «አንድ ናይትሮጅን፣ አንድ ኦክሲጅን፣ በቃ። ደም ሥሩን ላላ በል፣ ክፍት ሁን ይለዋል። ጋዙን ይዘን አንለካውም፤ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ዱካው ግን በደም ውስጥ ይቀራል። የዱካው ማነስ ተመልሶ ከመጥበብ ጋር ይገናኝ እንደሆነ ነው የምናየው።»

እኔ እዚህ ላይ ዝም ማለት አቃተኝ። «ዶክተር፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ ማለትሽ ነው? እሱማ መርዝ ነው። መብረቅ ሲያበራ አየር ውስጥ ይሠራል፤ ቀለም የለውም፤ አየር ሲነካው ቡኒ ይሆናል፤ ሳንባን ይጎዳል።» ይህን ከአሮጌው መጽሐፍ ለሃያ ስድስት ዓመት ልጆችን በዜማ አስጠንቻለሁ።

«መጽሐፍዎም አልዋሸም፣ መምህር» አለችኝ ፈገግ ብላ። «ብዙው በአየር ውስጥ ሲሆን ይጎዳል። በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ግን በጥቂቱ እየተሠራ ያኖረናል።»

ፈንታው ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የማታውቀውን ጎረቤት ስም ስታጠፋ ኖረሃላ» አለ። ተሳሳቅን። ያን ዕለት ያፈርሁት በዚያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንኛ ደግ ነበር።

ርብቃ ሦስት ገጽ ቅጽ ሰጠችኝ። «እርስዎ ያንብቡላቸውና ይሙሉልኝ፤ አንድ ሕመምተኛ አይቼ እመለሳለሁ» ብላ ወጣች። ከኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ሦስታችን ተቀመጥን፤ ፈንታው ከመካከል፣ ዓለሚቱ በቀኙ፣ እኔ በግራው።

«ዕድሜ?»

«ሃምሳ ሁለት በል። ከበለጠም እግዜር ይቀንሰው።»

«የስኳር በሽታ?»

«እንኳን በሽታው፣ ስኳሩም ቤታችን የሚገባው ለዓመት በዓል ነው።»

«መጠጥ?»

«ጠላ መጠጥ ነው?»

«ነው።»

«እንግዲያ ጋይንት በሙሉ ይመዝገብ።»

የሚቀጥለው ጥያቄ «ትምባሆ ያጨሳሉ? ካቆሙ መቼ አቆሙ?» ይል ነበር። አነበብሁትና ቀና አልሁ። ፈንታው ጫማውን ያያል። እኔም የሱን ጫማ አየሁ። ዓለሚቱ ጎንበስ ብላ፣

«ምነው መምህር፣ ይጻፉት እንጂ» አለችኝ። «በሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በጊዮርጊስ ደጅ፣ በአባ ወልደ ገብርኤል እጅ። የቄስ ልጅ ቤት ጭስ ምን ሊሠራ?»

ጻፍሁት። «በ1985 ዓ.ም. አቁመዋል» ብዬ፣ ልጆችን በማስተምርበት በዚያ በተስተካከለው እጅ ጽሑፌ ጻፍሁት። የጠመኔው ሳጥን በዚያ ሰዓት ከእግሬ ሥር ባለው ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ ሁለት ፍሬ ቀርቶታል።

ርብቃ ተመልሳ ቅጹን ስታየው፣ «እንዲህ ያለ የሚነበብ ቅጽ ደርሶኝ አያውቅም» ብላ አመሰገነችኝ። ለፈንታውም አዘዘችው፤ ለምርመራ ደም ከመስጠቱ ሁለት ቀን አስቀድሞ ጎመንና ቀይ ሥር እንዳይበላ፣ የጋዙ ዱካ ከእነሱም ስለሚመጣ ልኬቱን እንዳያሳስት። ፈንታው ይህን ትእዛዝ እንደ ሕማማት ጾም ጠበቀው። በቀጠሮው ሰሞን በጓሮው ጎመን አጠገብ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። «ጎመን ተገዝቻለሁ» ይላል። ከዚያ ወደ ባሕር ዛፉ ይወርዳል።

አንድ ጊዜ ተው አልሁት።

«ወንፊቷ አለች አይደል?» አለኝ። «ከሦስት ወደ ሁለት ወርጃለሁ። አንተ ባታመጣልኝ ራሴ ከተማ ልወጣ ነው፤ ያየኝም ያየኛል።»

እውነት ነው አልሁና ማምጣቴን ቀጠልሁ። እኔ ባላመጣ ስሙ ይጠፋል፤ ባመጣ ልቡ ይጠፋል። ስሙን መረጥሁለት። ያልጠየቅሁት፣ ስሙን ነው ወይስ የራሴን ስም ነው የጠበቅሁት የሚለውን ነው።

በዘጠነኛው ወር፣ በ2006 ጥቅምት፣ በሬው ተመልሶ ደረቱ ላይ ተኛ። እንደገና አዲስ አበባ ሄድን፤ ወንፊቷ ውስጡ ጠብቧል። በሌላ ቱቦ ከፈቱለት። ርብቃ ወረቀቶቿን ዘርግታ፣

«ጋሽ ፈንታው፣ እርስዎ እንቆቅልሽ ሆነውብናል» አለችው። «አያጨሱ፣ ስኳር የለብዎት፣ ቀጭን ነዎት፣ ሲያርሱ ይውላሉ። የጋዙ ዱካ ግን ከአጫሾቹ እኩል ዝቅ ብሏል። ምናልባት ሰውነትዎ ሲፈጠር ጀምሮ አሳንሶ የሚሠራው ይሆናል። እንዲህ ያለው ነገር በዘር ሊወርድ ይችላል። ልጅ ካለዎት ደሙን ብናይ ደስ ይለኛል።»

ፈንታው አፉን ከፈተ። ዓለሚቱ ግን ቀድማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። እሱም አፉን መልሶ ዘጋ። እኔ ከጥግ ቆሜ ነበርሁ።

መቅደስ በስልክ ሲነገራት «ደም ምን ችግር አለው፣ እሰጣለሁ» አለች። ምንም አልመሰላትም። በወገዳ የግብርና ሠራተኛ ከሆነው ከአበባው ጋር ታጭታ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር፤ እሷም የሰማችውን ነገረችው። አበባው ለእናቱ ነገረ። እናቱ ለእኅታቸው ነገሩ። አንድ ወር ሳይሞላ ወሬው አርብ ገበያ ደርሶ ለእኛ ተመለሰ፤ «የፈንታው ዘር በአርባ ዓመቱ ልቡ ይቆማል» ተብሎ። በእኛ አገር ለጋብቻ ዘር ይቆጠራል፤ ሰባት ቤት ድረስ። ሲቆጠርም በጆሮ የሚጠየቀው ሥጋ ዝምድናው ብቻ አይደለም፤ በሽታም ይጠየቃል። አንድ ጊዜ በዘር ነው የተባለ ነገር ከአንዲት ሴት ላይ አይወርድም፤ እኅት ብትኖራት ለእኅቷም ይተርፋል።

በኅዳር ሚካኤል ማግሥት የአበባው ሽማግሌዎች መጡ። ሦስት ነበሩ፤ የሚናገሩት ግን አቶ ተሻገር የተባሉ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። በእኛ በኩል ፈንታው፣ አባ ወልደ ገብርኤልና እኔ ተቀመጥን። ዓለሚቱ ጠላ ትቀዳለች። መቅደስ ከጓዳ ውስጥ ናት፤ ከመጋረጃው ሥር ጫማዋ ይታየኛል።

«እኛ ቃል አፍራሽ አይደለንም» አሉ አቶ ተሻገር። «ቆጥረናል፤ ሰባት ቤት ንጹሕ ነው ብለን ነበር። አሁን ግን ከአዲስ አበባ አንድ ነገር መጣ። ሐኪም የልጅቱን ደም ፈለገች አሉ።»

«ማን ነገራችሁ?» አለ ፈንታው።

አቶ ተሻገር ትንሽ ፈገግ አሉ። «ወፍ ናታ። አንተም አገር ወፍ አለች ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ጓደኞቻቸው ሳቁ። ፈንታውም በአፍንጫው ሳቀ። ጠላው ላይ የነበረው አረፋ ሲወርድ አየሁ። ፈንታው ቀና ብሎ ወደ እኔ ተመለከተ። የተመለከተኝ እንደ ወዳጅ አልነበረም፤ በአውጫጭኝ እንደሚያየው ነበር። ያየህ አውጣ።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ብናገር ነገሩ ከወዳጅ አፍ ይወጣና ይቀልለት ነበር። እኔ ደግሞ መምህር ነኝ፤ ጭስ ከደም ሥር ጋር ምን እንደሚሠራ ለማስረዳት ከእኔ የተሻለ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። ዓይኔን ወደ ጫማዬ አወረድሁ። የሚያስፈራኝ «አንተ በምን አወቅህ?» የሚለው ጥያቄ ነበር።

ፈንታው በትሩን ተመርኩዞ ተነሣ።

«አቶ ተሻገር፣ በዘሬ የለም» አለ። «ሐኪሟ የልጄን ደም የፈለገችው እኔ ስለ ዋሸኋት ነው። አላጨስም ብያታለሁ። አጨሳለሁ። ከሰማንያ አምስት ነሐሴ ጀምሮ፣ ምዬ በተገዘትሁ በሰባተኛው ወር። ዛሬ ጠዋትም አጭሻለሁ። እሷ የደሜን ጉድለት ስታይ ምክንያቱን አጥታ ከልጄ ልትፈልገው ነው። ከልጄ የለም። ከእኔው ዘንድ ነው።»

ዓለሚቱ ማሰሮውን እንደ ያዘች ቆማ ቀረች። ማሰሮው አልወደቀም። ቀስ ብላ አስቀመጠችውና በኋላ በር ወጣች።

አባ ወልደ ገብርኤል «ማን ያመጣልህ ነበር?» ብለው ጠየቁት።

የጠላዬን ዋንጫ አነሣሁ።

«ገበያ ነው፣ አባቴ» አለ ፈንታው። ወደ እኔ አላየም። «ገበያ ምን የማይገኝበት አለ?»

ያን ዕለት እውነት ለመናገር በቆመበት በዚያው እግሩ አንድ ውሸት ጨመረ፤ ስለ እኔ ብሎ። እኔም ተቀብዬ ተቀመጥሁ።

አቶ ተሻገር በትራቸውን ከወዲያ ወዲህ አገላበጡት። «እኛ የፈራነው ዘሩን ነበር፤ ጭስ በዘር አይወርድም። ብቻ…» አሉና አመነቱ። «አገር ያስማለ ሽማግሌ እንዲህ ከሆነ እኛ ማንን እንመን?»

«ከዛሬ ጀምሮ እኔን አትመኑ» አለ ፈንታው። «ልጄን ግን እመኑ። እሷ አላወቀችም።»

ከመጋረጃው በስተኋላ መቅደስ ስታለቅስ ተሰማን። አቶ ተሻገርም የሐኪሟን ቃል በወረቀት ካመጣችሁ ሠርጉ ባለበት ይሁን ብለው መርቀው ሄዱ።

ወደ ውጭ ስወጣ ዓለሚቱን ከአጥሩ ሥር አገኘኋት። ጤና አዳሙን ከነሥሩ እየነቀለች ነበር። አልጮኸችም። «ሃያ ዓመት ለሆዱ ብዬ ያጠጣሁት» አለች፣ አፈሩን ከእጇ እያራገፈች። «መምህር፣ እርስዎም አላወቁም ነበር?»

«ምን አውቄ» አልኋት።

በሳምንቱ ፈንታውና እኔ አዲስ አበባ ሄድን። ርብቃ ሰምታ ስትጨርስ አልተቆጣችም፤ እንዲያውም እንደ ቀለላት ሰው ተነፈሰች። ጭሱ ያን ጋዝ እንደሚያጠፋው፣ ግድግዳውንም እንዳይሠራው እንደሚያደክመው አስረዳችን። «ጥናቱ በእውነት አይበላሽም። ከዚህ ዓምድ አውጥቼ ከዚያኛው አስገባዎታለሁ» አለችው። ስለ መቅደስ ወረቀት ስንጠይቃት አሰበች። «ልጅቱ መቼም አትታመምም ብዬ አልፈርምም፤ ይህን ለማንም አልፈርምም። የልጅቱን ደም የፈለግሁበት ምክንያት ግን አሁን የለም፤ እሱን እጽፋለሁ።» ጻፈችልን። ከዚያ የድሮውን ቅጽ አወጣች።

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት አይደል፣ መምህር? ሰርዘው ከጎኑ ይፈርሙልኝ።»

ሰረዝሁ፤ ፈረምሁም። ፊርማዬ የሌላ ሰው መሰለ።

መቅደስ በጥር ተዳረች። ፈንታው ሲጋራውን ያን ኅዳር እንደ ቆረጠ ቀረ። አሁን የሚደብቀው ስለሌለው ይሆናል፤ አላውቅም። ከሽማግሌነቱ ግን ራሱን አወጣ፤ አውጫጭኝ ሲጠራ ከኮሶው ሥር ሳይሆን ከዳር፣ ከሴቶቹ በስተኋላ ይቀመጥ ነበር።

አባ ወልደ ገብርኤል ስላፈረሰው ግዝት ንስሐ ሰጡት፤ አርባ ቀን፣ በቀን አርባ ስግደት። ሐኪሟ ደግሞ እንዲህ ያለ ድካም ከልክላው ነበር። አባም ይህን ሲሰሙ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ባለበት፣ «ጸሎቱን እሱ ያድርስ። ስግደቱን የሚሸከምለት ወንድም አለ?» ብለው ጠየቁ።

ተነሣሁ። ከማንም ቀድሜ ተነሣሁ።

በቅጥሩ ውስጥ ጉርምርምታ ተሰማ፤ የቅሬታ ሳይሆን የምርቃት። «እንዲህ ያለ ወዳጅ ይስጥ» አሉ ሽማግሌዎቹ። «ወንድም ቢወልዱት እንዲህ አይሆን» አሉ ሴቶቹ። አርባ ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ስሰግድ የሚሳለሙት ሁሉ ቆመው ይመርቁኝ ነበር፤ ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር ምርቃቱ ጀርባዬ ላይ ይከመራል። ፈንታው ከደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይቆጥርልኛል። አንድ ቀን ማንም በሌለበት፣ በሃያኛው ላይ፣

«እዚህ ላይ አረፍ በል፣ መምህር» አለኝ። «የእኔ ግማሽ አለቀ።»

ስለዚያ ነገር ሌላ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም።

በ2009 ሰኔ ላይ ሞተ። የሞተው በልቡ ነው፤ ርብቃ ሲጋራውን መተዉ ዘግይቷል ብላን ነበር። ለአባ ወልደ ገብርኤል በንስሐ ሁሉንም ነግሬአቸዋለሁ፤ እሳቸውም «ለእኔ መንገርህ ቀላሉ ነው» አሉኝ።

ዓለሚቱ በየዓመቱ አዲስ ገብስ ሲደርስ በሶ አዘጋጅታ፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ወጥታ፣ ጡረታ ወጥቼ ወደምኖርበት ወደ ንፋስ መውጫ ታመጣልኛለች። «የሱን ስግደት ለሰገዱለት» ትላለች። ዘንድሮም አመጣች፤ ተቀብያታለሁ። በሶው አሁን ከፊቴ ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ እንደ ታሰረ አለ። አልፈታሁትም።

ዓለሚቱ ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ ይህን ጽፌ ስጨርስ በሶውንም ወረቀቱንም ይዤ ወርጄ፣ ራሴ ላነብላት ነው። ቆሜ።